ርስትና መጻተኛ

መሬት ከሀብት ሁሉ የተለየ ሀብት ነው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከብት ይነዳል፤ ዕቃም ተጭኖ ይሄዳል፤ መሬት ግን ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ ሰው መሬት ሲገዛ ዕቃ እንደ ገዛ ብቻ አይቆጠርም። በዚያ ስፍራ ጎጆ ቀለሰ፣ የሰው ጎረቤት ሆነ፣ ልጆቹም የዚያ ሰፈር ልጆች ሆኑ ማለት ነው። አባቶቻችን በሚስትና በርስት ቀልድ የለም እያሉ የኖሩት ይህን በመረዳት ነው። ከዚህም የተነሣ በየትኛውም ዘመንና በየትኛውም አገር የውጭ ሰው መጥቶ «መሬት ሽጡልኝ» ባለ ጊዜ የአገሩ ሰው ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ጥያቄው እጅግ የቆየ ነው። አባታችን አብርሃም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበት ስፍራ በፈለገ ጊዜ በኬጢ ልጆች ፊት ቆሞ መጻተኛ መሆኑን ተናግሮ መሬት እንዲሸጡለት ለመነ። እርሻውንና በውስጡ ያለውን ዋሻ በአራት መቶ ሰቅል ብር፣ በከተማይቱ በር፣ ሕዝብ እየሰማ ገዛ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ግዢው በስውር አልተደረገም፤ በሌላ ሰው ስምም አልተደረገም። መጻተኛው በራሱ ስም፣ በምስክር ፊት፣ ዋጋውን ከፍሎ ባለመሬት ሆነ። ይህ በር ለመጻተኛ ሲዘጋ በቤተ ሰቡ ላይ ምን እንደሚደርስ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የአሜሪካን ስቴቶች ታሪክ ቢመረምር ብዙ ይማርበታል።

በዩናይትድ ስቴትስ የመሬት ባለቤትነት በአብዛኛው የሚወሰነው በማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን በየስቴቱ ሕግ ነው። ስለዚህ በአንዱ ስቴት የተፈቀደው በሌላው ሊከለከል ይችላል። እኛም ይህን ጉዳይ ለመመልከት የተነሣነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚያ አገር ቤት ገዝተው፣ ልጅ እያሳደጉ ይኖራሉ። ሁለተኛ፣ አርጅቶ የነበረው ክልከላ ከ2023 ወዲህ በአዲስ መልክ ተነሥቷል። ሦስተኛ፣ የራሳችንም አገር ሕግ ስለ ውጭ አገር ሰውና ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደነግገው ነገር አለ። የአሜሪካውን ታሪክ ስንጽፍ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስንጽፍ ግን በራሳችን አቆጣጠር እናደርገዋለን።

ስፋቱን የጠየቁ ሕጎች

የነገሩ ሥር ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ልማድ የመሬት ሁሉ የመጨረሻ ባለቤት ንጉሡ ስለ ሆነ፣ መሬት የያዘ ሰው ለንጉሡ የታማኝነት ግዴታ ነበረበት። የሌላ ንጉሥ ዜጋ ይህን ታማኝነት ሊሰጥ አይችልም ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የውጭ አገር ሰው መሬት ሊወርስ አይችልም ነበር፤ ቢገዛም ንጉሡ ሊወስድበት ይችል ነበር። በእኛም አገር መሬት ከአገልግሎትና ከታማኝነት ጋር ተሳስሮ የኖረ ስለ ሆነ ይህ አስተሳሰብ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም። እንግሊዝ ራሷ ክልከላውን በ1870 ተወችው። የአሜሪካ ስቴቶች ግን ከነጻነት በኋላ ይህን ውርስ ይዘው አንዳንዱ አላላው፣ አንዳንዱም አጠበቀው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነገሩ እንደ ገና የጋለው በትልልቅ ባለመሬቶች ምክንያት ነው። ዊልያም ስከሊ የተባለ አየርላንዳዊ ባለርስት በኢሊኖይና በሌሎች ስቴቶች ከ200 ሺህ ኤከር በላይ የሚሆን መሬት ሰብስቦ ለጭሰኞች ያከራይ ነበር። በቴክሳስም የስቴቱ መንግሥት በኦስቲን ከተማ ለሚሠራው ትልቅ የምክር ቤት ሕንፃ ዋጋ እንዲሆን 3 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለሠሪዎቹ ሰጠ። መሬቱን ወደ ከብት እርባታ ለመለወጥ የዋለው ገንዘብ ብዙው የመጣው ከለንደን ነው። 3 ሚሊዮን ኤከር በአገራችን የቀድሞ ልኬት 30 ሺህ ጋሻ ያህል ይሆናል። አራሹ ባላገር ባለቤቱን አይቶት የማያውቀው ርስት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የኢሊኖይ ምክር ቤት በ1887፣ የቴክሳስም ምክር ቤት በ1891 የውጭ አገር ሰው መሬት እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ ቢያወጡ ምክንያታቸው የሚገባ ነው። ማዕከላዊው መንግሥትም በዚያው በ1887 ገና ስቴት ላልሆኑት ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጣ። የነዚህ ሕጎች ጭንቀት በሩቅ አገር ተቀምጦ የሌላውን አገር መሬት የሚያጠቃልል ሀብታም ነበር። ጥያቄያቸውም «ምን ያህል መሬት ያዝህ? የምትኖረውስ የት ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሰውየው እጅ ነው፤ ሊሸጥ፣ ሊቀንስ፣ መጥቶ ሊኖር፣ ዜጋም ሊሆን ይችላል። ስከሊም በመጨረሻ የአሜሪካን ዜግነት ወስዷል።

ትውልድን የጠየቀ ሕግ

የካሊፎርኒያ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1790 በወጣው የዩናይትድ ስቴትስ ሕግ መሠረት ከውጭ የመጣ ሰው ዜግነት ሊያገኝ የሚችለው ነጻና ነጭ የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1870፣ መብቱ ለአፍሪቃ ተወላጆች ተጨመረ። ከእስያ የመጡት ግን ውጭ ቀሩ። ስለዚህ ከጃፓን የሄደ ሰው በዚያ አገር ሠላሳ ዓመት ቢኖር፣ ግብር ቢከፍል፣ ልጅ ቢወልድ፣ ዜጋ ሊሆን አይችልም ነበር። ልጁ ግን በዚያ ምድር በመወለዱ ብቻ ሙሉ ዜጋ ነው። በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጡ አባትና ልጅ በሕግ ፊት ሁለት ዓይነት ሰዎች ሆኑ ማለት ነው።

እነዚህ ጃፓናውያን ወደ ካሊፎርኒያ የመጡት በቀን ሠራተኛነት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንጆሪ፣ አትክልትና ድንች እያለሙ በራሳቸው መቆም ጀመሩ። ጆርጅ ሺማ የተባለው ገበሬ ረግረጋማ መሬት አድርቆ ድንች በማልማት እስከ መበልጸግ ደርሶ «የድንች ንጉሥ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። የጎረቤት ቅንዓት ከዚህ ተነሣ። በ1913 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት «ዜግነት ሊያገኙ የማይችሉ የውጭ አገር ሰዎች» የእርሻ መሬት እንዳይገዙ፣ በኪራይም ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ አዘጋጀ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን ዊልያም ጄኒንግስ ብራያንን ወደ ሳክራሜንቶ ልከው ነገሩ እንዲለዝብ ቢጠይቁም፣ የጃፓን መንግሥትም ቢቃወም አልተሰሙም። አገረ ገዢው ሃይረም ጆንሰን በግንቦት ወር ፈረሙበት።

የሕጉን አጻጻፍ ልብ ብሎ የሚያነብ ሰው ጃፓን የሚል ቃል አያገኝበትም። ሕጉ ስም ሳይጠራ አንድን ሕዝብ ለይቶ መታ። ይህም ሕግን ለሚመረምር ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የሕግ ፊት በቃሉ ይታያል፣ ልቡ ግን በሚመታው ሰው ይታወቃል።

ገበሬዎቹም መሬቱን በካሊፎርኒያ በተወለዱ ልጆቻቸው ስም መግዛት ጀመሩ። ይህን ለመዝጋት በ1920 ሌላ ሕግ በሕዝብ ድምፅ ቀረበና ድምፅ ከሰጡት ሦስት አራተኛ ያህሉ ደግፈው አጸደቁት። ኪራይም ጭራሹን ተከለከለ፤ አባት ለልጁ መሬት ሞግዚት እንዳይሆን ታገደ። ገንዘቡን የከፈለው አባት፣ ስሙ የተጻፈው ግን ልጅ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ሕግን ለማምለጥ የተደረገ ነው ተብሎ እንዲገመት ተደነገገ። የሞግዚትነቱን እገዳ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ቢያነሣውም ዋናው ክልከላና ግምቱ ጸኑ። ሕጉን ጥሶ የተገኘ መሬት ያለ ካሳ ለስቴቱ መንግሥት ውርስ ይሆን ነበር። ዋሽንግተን፣ ኦሪገን፣ አሪዞና፣ አይዳሆና ሌሎችም ስቴቶች ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ሃያ ዓመት በአሜሪካ የኖረውንና በዚያ የተማረውን ታካኦ ኦዛዋን ጃፓናዊ በመሆኑ ዜጋ ሊሆን አይችልም ሲል ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንዲህ ያሉ የመሬት ሕጎች የጸኑ ናቸው አለ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ዜጋ ያልሆነና ሊሆንም የማይችል ሰው ለስቴቱ ደኅንነት የሚያስብበት ጥቅም የለውም የሚል ነበር። ይህ በር ከዘጉ በኋላ ውጭ የቀረውን ሰው «ለምን አልገባህም?» ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

የአንድ ቤትና የአንድ እርሻ ታሪክ

ሕግ በቤተ ሰብ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ሁለት ታሪኮችን እንመልከት። ሁለቱም በፍርድ ቤት መዝገብ የታወቁ ናቸው።

ጁኪቺ ሃራዳና ባለቤቱ ኬን በሪቨርሳይድ ከተማ ምግብ ቤት ነበራቸው። በ1913 አንድ ልጃቸው በዲፍቴሪያ ሞተባቸው። በተጨናነቀው የኪራይ መኖሪያ የቀሩት ልጆች እንዳይታመሙባቸው ፈርተው በ1915 በሌመን ጎዳና አንዲት ቤት ገዙ፤ የጻፏትም በአሜሪካ በተወለዱት በሦስቱ ልጆቻቸው ስም ነበር። ጎረቤቶች ተሰብስበው ቤቱን እንዲሸጡላቸው ጠየቁ፤ ሃራዳ እንቢ አለ። ነገሩ ወደ መንግሥት ደረሰና ስቴቱ ቤቱን ለመውረስ ከሰሰ። በ1918 የፈረዱት ዳኛ ሕጉን ባይሽሩትም፣ ልጆቹ በዚያ ምድር የተወለዱ ዜጎች ስለ ሆኑ ቤቱ የእነርሱ ነው ብለው ወሰኑ። ቤተ ሰቡም በቤቱ ውስጥ ቀረ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1942፣ ጃፓን በአሜሪካ ላይ ጦርነት ከከፈተች በኋላ፣ መንግሥት ከምዕራቡ ጠረፍ 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች አስወጥቶ በሽቦ በታጠሩ ሰፈሮች አስቀመጣቸው። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ጁኪቺና ኬን ሃራዳ በዩታ ስቴት በነበረው በቶፓዝ ሰፈር ሳሉ ሞቱ። ልጃቸው ሱሚ በ1945 ተመልሳ ቤቱን አገኘችው፤ አንድ ወዳጅ ጠብቆ አቆይቶላቸው ነበርና። ሌሎች ቤታቸውን ያጡ ሰዎችንም ተቀብላ አስጠጋችበት። ይህች ቤት ከ1990 ጀምሮ በአገሪቱ የታሪክ ቅርስነት ተመዝግባ ትጠበቃለች።

ሁለተኛው የካጂሮ ኦያማ ቤተ ሰብ ነገር ነው። ኦያማ በ1934 በሳን ዲየጎ አካባቢ 6 ኤከር መሬት ገዝቶ የስድስት ዓመት ልጅ በነበረው በፍሬድ ስም አስጻፈ፤ በ1937 ሁለት ኤከር ጨመረ። ሁሉም በአንድ ላይ 8 ኤከር ነው፤ የአንድ ጋሻ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በ1944 ቤተ ሰቡ በጦርነቱ ምክንያት ከጠረፉ ርቆ ሳለ ስቴቱ መሬቱን ለመውረስ ክስ መሠረተ። ጭሰኛ የሚያስገብር ጌታ በዚህ የለም፤ ያለው የአትክልት ገበሬና ልጁ ነው።

ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር ወር 1948 ተፈረደ። ዳኞቹ በስድስት ድምፅ ለሦስት የፈረዱበት ምክንያት ለማንም ወላጅ ግልጽ ነው። አንድ እንግሊዛዊ ወይም ጀርመናዊ አባት ለልጁ መሬት ቢገዛለት ስጦታው የልጁ ነው ተብሎ ይታመናል። ፍሬድ ግን አባቱ ጃፓናዊ በመሆኑ ብቻ ስጦታው እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አምጣ ይባላል። ሁለቱም ልጆች ዜጎች ሆነው ሳለ አንዱ በአባቱ አገር ምክንያት ሸክም ይጫንበታል። ፍርድ ቤቱ ይህ እኩልነትን የሚያፈርስ ነው አለ።

ሕጉ ራሱ የወደቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሴይ ፉጂ የተባለ በሎስ አንጀለስ ጋዜጣ የሚያሳትም፣ ሕግ ተምሮ ዜጋ ባለመሆኑ ግን ጠበቃ ለመሆን ያልተፈቀደለት ሰው፣ በ1948 አንዲት ትንሽ ቦታ በገዛ ስሙ ገዛና ራሱን ለፍርድ አቀረበ። በልጅ ስም አልተደበቀም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1952 በአራት ድምፅ ለሦስት ሕጉ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ነው ሲል ፈረደለት። በዚያው ዓመት ማዕከላዊው መንግሥት ዜግነትን በዘር መከልከሉን ተወ። የካሊፎርኒያ ሕዝብም በ1956 በድምፁ ሕጉን ሻረው። የሌሎቹ ስቴቶች ግን ዘግይቷል፤ ዋሽንግተን በ1966፣ ኒው ሜክሲኮ በ2006፣ ፍሎሪዳ ደግሞ በሕገ መንግሥቷ የነበረውን አንቀጽ የሰረዘችው በ2018 ነው።

በዛሬው ዘመን

ፍሎሪዳ አሮጌውን አንቀጽ በሰረዘች በአምስተኛው ዓመት አዲስ ሕግ አወጣች። በግንቦት 2023 የተፈረመውና ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ አሳሳቢ ያላቸውን ሰባት አገሮች በስም ይጠራል፤ እነርሱም ቻይና፣ ሩሲያ፣ ኢራን፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ኩባ፣ ቬኔዝዌላና ሶርያ ናቸው። የነዚህ አገሮች መንግሥታትና በዚያ ቋሚ መኖሪያ ያላቸው፣ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች የእርሻ መሬት፣ እንዲሁም ከጦር ሰፈርና እንደ ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ ካሉ ዋና ዋና ተቋማት በ10 ማይል ውስጥ ያለ ማናቸውንም መሬትና ቤት እንዳይገዙ ይከለክላል። በቻይና ላይ ግን ክልከላው የበረታ ነው፤ የትም ቢሆን መግዛት አይቻልም። ገዢው እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል፤ አውቆ የሸጠለትም በወንጀል ይጠየቃል። በቪዛ የሚኖር ሰው ከጦር ሰፈር አምስት ማይል የራቀ፣ ከሁለት ኤከር የማይበልጥ አንድ መኖሪያ ብቻ ቢገዛ ይፈቀድለታል። ቴክሳስም በ2025 ቻይናን፣ ሩሲያን፣ ኢራንንና ሰሜን ኮሪያን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች፤ በዚህ ሕግ አገረ ገዢው ሌላ አገር እንዲጨምር ሥልጣን ተሰጥቶታል።

የስቴቶቹን ስጋት ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በሰሜን ዳኮታ በግራንድ ፎርክስ ከተማ አንድ የቻይና ኩባንያ የበቆሎ ወፍጮ ለማቆም 370 ኤከር መሬት ገዝቶ ነበር፤ ስፍራው ከአየር ኃይል ሰፈር 12 ማይል ያህል ብቻ ይርቃል። አየር ኃይሉ ለአገር ደኅንነት አደገኛ ነው የሚል ደብዳቤ ከጻፈ በኋላ ከተማይቱ በ2023 ዕቅዱን ተወችው። መንግሥት የጦር ሰፈሩን አጥር መጠበቁ የሚነቀፍ አይደለም።

ይሁን እንጂ ቁጥሩም መታየት አለበት። ከ1978 ጀምሮ የውጭ አገር ሰው የያዘውን የእርሻ መሬት ለመንግሥት እንዲያስታውቅ በሕግ ታዟል። በዚህ መዝገብ መሠረት በ2022 መጨረሻ በውጭ አገር ሰዎች እጅ የነበረው 43.4 ሚሊዮን ኤከር ሲሆን፣ ይህም በግል ከተያዘው የእርሻና የደን መሬት 3.4 በመቶ ነው። ከባለይዞታዎቹ ቀዳሚዋ የቅርብ ጎረቤቷ ካናዳ ናት፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የእርስዋ ሰዎች ነው። የቻይና ድርሻ ከውጭ አገር ሰዎች ይዞታ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። አይዋ የተባለችው የገበሬ ስቴት ደግሞ ሌላ መንገድ መርጣለች፤ የየትኛውም አገር ሰው ይሁን፣ በዚያ አገር ቋሚ ነዋሪ ካልሆነ የእርሻ መሬት እንዳይገዛ ትከለክላለች፣ ነዋሪውን ግን አትከለክልም።

እንግዲህ ሁለቱን ዓይነት ሕግ ለይተን እንመልከት። አንዱ ሕግ «ስንት መሬት? የት? ለምን ሥራ? ነዋሪ ነህን?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ከማን ተወለድህ?» ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ሰው በሥራውና በኑሮው ሊመልስ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን የሚመልሰው የለም። የዛሬዎቹ ሕጎች በሁለቱ መካከል የሚገኙ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃድን መመልከታቸውና ለመኖሪያ ቤት ቀዳዳ መተዋቸው ከካሊፎርኒያው ይለያቸዋል። አንዲት የቻይና ተማሪ ለመኖሪያ የምትገዛትን ክፍል የመንግሥት ኩባንያ ከሚገዛው ሰፊ መሬት ጋር በአንድ መዝገብ ማስገባታቸው ግን ወደ ካሊፎርኒያው ያቀርባቸዋል። የጦር ሰፈርን መጠበቅ የሚፈልግ ሕግ ስለ ስፍራው ቢናገር ይበቃዋል።

በአገራችን ሕግና በየቤታችን

የሌላውን አገር ሕግ ስንመዝን የራሳችንን መርሳት አይገባንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን እንደማይችል ደንግጓል፤ የሚፈቀድለት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ብቻ ነበር። በቅን ልቡና ይዞ የተገኘም በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ደግሞ የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሠረትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ዜጋውም ቢሆን የሚገዛው ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ሰዎች በተወሰነ ሁኔታ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። በሩ በእኛም ዘንድ እየተከፈተ ነው ማለት ነው።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ሊያውቁ ይገባል። ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ሲወስድ የኢትዮጵያ ዜግነቱ ይቀራል፤ በሕግ ፊትም የውጭ አገር ሰው ይሆናል። ሆኖም በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ልዩ መብት ሰጥቷል። ራሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካወጣ፣ በውጭ አገር ሰው ላይ የተጣለው የማይንቀሳቀስ ንብረት ክልከላ አይደርስበትም። ይህም ሕግ ትውልድን የሚጠይቅ ነው፤ የሚጠይቀው ግን በር ለመክፈት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚወጣው ምክር ሦስት ነው።

መጀመሪያ፣ ቤትን በሌላ ሰው ስም ከማስጻፍ መጠንቀቅ ነው። የሃራዳና የኦያማ ቤተ ሰቦች ይህን ያደረጉት ሌላ መንገድ ስለ ተዘጋባቸው ነው፤ ያም ሆኖ ነገሩ በልጆቻቸው ላይ ወደቀ። እኛ ግን ሕጋዊው መንገድ ተከፍቶልን ሳለ፣ መታወቂያውን ለማውጣት ከመድከም ቤቱን በወንድም ወይም በአክስት ልጅ ስም ማስጻፍ ይቀለናል። ወንድም ሲሞት መዝገቡ ለሚስቱና ለልጆቹ ይናገራል እንጂ ገንዘቡን ለላከው አይናገርም። በፍቅር የተጀመረው ነገር በፍርድ ቤት ያልቃል፤ እናትም በሁለት ልጆችዋ ቤቶች መካከል ተከፍላ ታረጃለች።

ሁለተኛ፣ በውጭ አገር ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛበትን ስቴት ሕግ አስቀድሞ ከዚያ ስቴት ጠበቃ ይጠይቅ። በፍሎሪዳ ገዢ የተከለከለ ሰው አለመሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል፤ በሐሰት መፈረምም ያስከስሳል። አገራችን ከላይ ከጠራናቸው ዝርዝሮች ውስጥ የለችም፤ ነገር ግን ዝርዝር የሚጨመርበት ነው። የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት ወረቀት፣ የባንክ ደረሰኝና የውል ቅጂ በአንድ ስፍራ ይቀመጡ፤ ልጆችም ሲደርሱ የት እንዳሉ ይነገራቸው።

ሦስተኛ፣ የአገር ተቆርቋሪ ነኝ የሚል የመሬት ሕግ በሰማን ጊዜ ቶሎ ከማጨብጨብም ቶሎ ከመርገምም ተቆጥበን ሕጉ የሚጠይቀውን እንመርምር። ስለ መሬቱ ስፋት፣ ስለ ስፍራውና ስለ ሥራው የሚጠይቅ እንደ ሆነ አገርን ሊጠብቅ ይችላል። ስለ ሰውየው አባት የሚጠይቅ እንደ ሆነ ግን የመጨረሻውን ዋጋ የሚከፍለው ልጅ ነው። የገበሬ ልጅ በስምንት ኤከር የአትክልት መሬት ምክንያት ከስቴት መንግሥት ጋር ሲሟገት አይተናልና። የገዛ ልጆቻችን ዛሬ በብዙ አገር በመጻተኛነት ቤት እየሠሩ ነው። ለእነርሱ በሰው አገር እንዲደረግላቸው የምንመኘውን፣ ወደ አገራችን መጥቶ በግልጽ፣ በራሱ ስም፣ በምስክር ፊት ቤት ለሚገዛው መጻተኛም እናድርግለት።